አለቃዬ፣ አከራዬ

ክፉ አከራይ የገጠመው ሰው መሥሪያ ቤት ሄዶ ያማዋል። ክፉ አለቃ የገጠመው ደግሞ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ያማዋል። ሁለቱም አንድ ሰው ከሆኑስ? የት ተኪዶ ይታማል?

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰፈር ጣጣው ይኸው ነው። ግድግዳው የፋብሪካው፣ ጣሪያው የፋብሪካው። ንጋት ላይ የሚጮኸው ፊሽካ ሠራተኛውን ብቻ መርጦ አይቀሰቅስም፤ ሕፃኑንም አማትየዋንም ያስነሳል። ማታ ደግሞ የጥጡ ብናኝ ፀጉርህ ላይ ተሳፍሮ ቤት ይገባና ትራስህ ላይ ያድራል። ኪራይ አይከፍልም።

አንተ ግን ትከፍላለህ። ደስ የሚለው ነገር አከራይ በር አያንኳኳም፤ ኪራዩ ከደመወዝህ ላይ ተቆርጦ ነው የሚደርስህ። ሰውዬው በቀኝ እጁ ሰጥቶ በግራው ይቀበላል።

ሮበርት ኦወን በ1800 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ስኮትላንድ ውስጥ የኒው ላናርክን የጥጥ ፋብሪካ ማስተዳደር ጀመረ። ደግ ሰው ነበር። ችግሩም እሱ ነው፤ ክፉ አለቃ ሥራህን ብቻ ያያል፣ ደግ አለቃ አልጋህን ጭምር ያያል። በየሠራተኛው አጠገብ አራት ቀለም ያለው እንጨት ሰቀለ። ነጭ በጣም ጎበዝ፣ ቢጫ ደህና፣ ሰማያዊ እንዲያው ነገሩ። ጥቁሩን አልተረጉምም። የትናንት ጠባይህ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ለአላፊ አግዳሚው ይታያል።

ይህ አልበቃ ብሎ የየቤቱን ንጽሕና የሚያዩ ተቆጣጣሪዎች ይዞሩ ነበር። ሴቶቹ «ትኋን አዳኞች» አሏቸው። ትርምሱ ይታየኛል። ኮቴ ይሰማል። ጎረቤት ግድግዳውን ትደበድባለች፤ «መጡ!» ያልታጠበው ድስት አልጋ ሥር ይገባል። ፊቱ ያልታጠበው ልጅም ከድስቱ ቀጥሎ። ተቆጣጣሪው ጎንበስ ሊል ሲል እናትየው፣ «ኧረ ጌታዬ፣ እዚያ ድመቷ ወልዳለች!» ትላለች። ከአልጋው ሥር ማስነጠስ ይሰማል። «ጉንፋን ይዟት ነው።»

እንግሊዝ ውስጥ ታይተስ ሶልት በ1853 ፋብሪካውን ከፈተና ዙሪያውን ሳልቴር የተባለ መንደር ሠራ። ከ800 በላይ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል። መጠጥ ቤት ግን አልነበረም። የታጠበ ልብስ መንገድ ላይ ተሰጥቶ ማየትም ስለማይወድ ለብቻው ልብስ ማጠቢያ ቤት አሠራ። ለመንገዶቹ ደግሞ የሚስቱንና የልጆቹን ስም ሰጣቸው። እስቲ አስቡት፤ አንዱ ሌላ ሰፈር ጠጥቶ ሲመለስ ይወድቃል። በማግስቱ ወሬው ምን ሊሆን ነው? «ትናንት ማታ ካሮላይን ላይ ተኝቶ ተገኘ!» ካሮላይን ማለት የአለቃው ሚስት ናት።

አሜሪካ፣ ሎዌል ላይ ደግሞ የፋብሪካ ሴቶች የሚያድሩበት ቤት በሩ ማታ አራት ሰዓት ይዘጋ ነበር። አንድ አልጋ ለሁለት ነበር፤ ሰውነት ማገላበጥ በስምምነት። ይህን ችለው ኖሩ። በ1836 የመኝታና የምግብ ሒሳቡ ሲጨመርባቸው ግን ሥራ አቁመው ወጡ። ለሁለት በምተኛበት አልጋ ላይ ጭማሪ? እኔም እወጣ ነበር።

በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነበር። ብዙ ቦታ ለአንድ ክፍል አንድ ሠራተኛ ይጠበቅ ነበር። አራት ክፍል ከፈለግህ አራት ሠራተኛ አምጣ። ልጅህ ቁመት ሲጨምር የምትለካው ለሱሪ አይደለም፤ ለሳሎን ነው።

በ1934 ታላቁ የጨርቃ ጨርቅ አድማ ሲመታ አንዳንድ አድመኞች ከእነ ቤተሰባቸው ከፋብሪካው ቤት ተባረሩ። ሥራውም ቤቱም በአንድ ቀን። አልጋ፣ ወንበር፣ ምጣድ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ንጋት ላይ ፊሽካው እንደ ልማዱ ሲጮኽ አባትየው መንገድ ዳር ካለው አልጋ ላይ ብድግ ብሎ ጫማውን ሲፈልግ ይታየኛል።