ማስተካከያ፦ ዲቫይሱን ማግኘትና መያዝ ለየቅል ናቸው

ባለፈው ስለ ሊኑክስ ድራይቨር ስጽፍ፣ ዲቫይስን በሊንክድ ሊስት (አንዱ ወደ ቀጣዩ በሚጠቁም ዝርዝር) ከማሰስ በማይነር ቁጥሩ (ድራይቨሩ ዲቫይሶቹን በሚለይበት ቁጥር) ኤክስአሬይ (በቁጥር የሚፈለግበት የከርነሉ ማከማቻ) ውስጥ መፈለግ ይሻላል ብዬ ነበር። እሱ አሁንም ልክ ነው። የተሳሳትኩት ቀጥዬ "ፍለጋው ራሱ የአርሲዩ መቆለፊያ ስለሚይዝ ሌላ ጥበቃ አያስፈልግም" ያልኩት ላይ ነው። ያስፈልጋል እንጂ!

አርሲዩ አንባቢዎች ዳታውን እያዩ ሳሉ ሜሞሪው እንዳይለቀቅ የሚያደርግ የከርነል ዘዴ ነው። ፍለጋው ግን መቆለፊያውን የሚይዘው ለራሱ ነው። ፖይንተሩን (የዲቫይሱን የሜሞሪ አድራሻ) ሲመልስልን ለቆታል። በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው ዩኤስቢውን ቢነቅለውስ? ሌላ ሲፒዩ ላይ ያለው ኮድ ሜሞሪውን ይለቀዋል፤ እኛ ባለቤቱ የለቀቀውን ቤት እናንኳኳለን። ይህ ስህተት በሙከራ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የአርሲዩን መቆለፊያ ራሳችን እንይዝና እንፈልጋለን። ሳንለቅ የዲቫይሱን ሪፈረንስ ቆጣሪ (ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚቆጥረውን) በአንድ እንጨምራለን። ግን በተራው መጨመሪያ አይደለም፤ ቆጣሪው ዜሮ ገብቶ ከሆነ ዲቫይሱ በመጥፋት ላይ ነው። "ዜሮ ካልሆነ ብቻ ጨምር" የሚለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ። እምቢ ካለ፣ ዲቫይሱ እንደሌለ ቁጠሩት።

ሜሞሪውም መለቀቅ ያለበት የአርሲዩ ግሬስ ፔሬድ (ቀድመው የገቡ አንባቢዎች ሁሉ እስኪወጡ የሚጠበቀው ጊዜ) ካለፈ በኋላ ነው። አለዚያ ቆጣሪውን ገና ስናየው ከእጃችን ሊጠፋ ይችላል። ስትጨርሱ ደግሞ የጨመራችሁትን ቀንሱ፣ በስህተት መውጫው መንገድ ላይም ጭምር።