የይለፍ ቃሉ ተለጥፎ ምን ሚስጥር አለ?

በሕግ አምላክ! የክሊኒኩ የሕክምና መዝገብ ኤሌክትሮኒክ ሆነ፣ መመሪያውን አሟልቷል ተብሎም ተፈረመ፣ ግን ነርሱም ካርድ ክፍሉም ላብራቶሪውም የሚገቡት «አድሚን» በሚባል በአንድ የጋራ መግቢያና በአንድ የይለፍ ቃል ነው፤ እሱም ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በወረቀት ተለጥፏል። ሲስተሙ ማን የማንን ፋይል በስንት ሰዓት እንደከፈተ ይመዘግባል። ቢመዘግብስ? የአንዲት ሴት የኤችአይቪ ውጤት ወጥቶ ማን አየው ቢባል መልሱ «አድሚን» ነው። የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ የግል መረጃ ሲያፈተልክ ለተቆጣጣሪው በ72 ሰዓት ውስጥ አሳውቁ ይላል፤ ማን እንደገባ የማያውቅ ክሊኒክ ምን ብሎ ያሳውቃል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ኦዲተሩ ነው። ሰነዱ መኖሩን አይቶ፣ ምልክት አድርጎ ውልቅ! እስቲ አንዴ ማን ምን እንደከፈተ የሚመዘገብበትን ሎግ ክፈተው፣ ባክአፑንም፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂውን፣ መልሰህ ሞክረው። ለየሠራተኛው የራሱን መግቢያ መክፈት እኮ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የታካሚ ገመና ሜዳ ላይ የሚጣለው እሱን እንኳ የሚሠራ ጠፍቶ ነው።