እርማት፦ የሺቴኖጂ ሕንጻዎች 1400 ዓመት አልቆዩም

«በጃፓን የኦሳካ ከተማ ያለው ሺቴኖጂ ከ593 ጀምሮ ሳይነካ የቆመ የእንጨት ቤተ መቅደስ ነው» የሚለው ስህተት ነው። 593 (እ.ኤ.አ.) የምሥረታው ዓመት ነው፤ ልዑል ሾቶኩ የቡድሃን እምነት ለሚጠብቁት አራቱ የሰማይ ነገሥታት እንዳቆመው ይነገራል።

ሕንጻዎቹ ግን ደጋግመው ወድመዋል። ባለ አምስት ጣሪያውን ግንብ ብቻ ብንወስድ፣ በ1934 አውሎ ነፋስ ጣለው፤ በ1940 እንደገና ቢሠራም በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። የዛሬው በ1959 የተሠራ የብረትና የኮንክሪት ሕንጻ ነው።

በእርግጥ ጥንታዊው አቀማመጡ ነው፦ በሩ፣ ግንቡ፣ ወርቃማው አዳራሽና የትምህርት አዳራሹ ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ መስመር ይቆማሉ። በግቢው በዕድሜ የገፋ ነገር ማየት የሚሻ በምዕራብ በኩል ያለውን የ1294 የድንጋይ በር ይመልከት። በዓለም አንጋፋ የሚባሉት የእንጨት ሕንጻዎች ያሉት ናራ ውስጥ፣ በሆርዩጂ ቤተ መቅደስ ነው፤ እሱንም የመሠረተው ልዑል ሾቶኩ ነው ስለሚባል ሁለቱ ቤተ መቅደሶች ይምታታሉ።