«ፎርዊል አይደል እንዴ?»

አሁን ገና ጅማ ከአንድ ጋራዥ መውጣቴ ነው፤ መኪናዬ ጭቃ ላይ እየተያዘች ስላስቸገረችኝ ነበር የሄድኩት። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደልኝ ጨዋ እሆናለሁ፣ ያኔ ደግሞ አይጥምም።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ያው ከቦንጋ ወደ ውስጥ የሚያስገባው፣ ያው ቁልቁለት፣ ያችው ሃይሉክስ። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ሳሙና ነው። ፎርዊሉን አስገብቼ፣ ማርሹን ፎር ሎው፣ ዝግተኛው ጉልበተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ፣ ነዳጅ ስሰጣት ከፊት የግራው ጎማ ይሽከረከራል፣ ከኋላ የቀኙ ይሽከረከራል፣ ሁለቱ ዝም ብለው ያዩኛል። አንድ ሞተረኛ ከኋላው ሴትዮና ፍየል ጭኖ በጎኔ ሹልክ አለ። ፍየሏ ሳትቀር ዞራ አየችኝ።

ገፊዎቹ ደግሞ አሉላችሁ። ሰው ዝር በማይልበት ጫካ ጎማ በባዶ ሲጮህ ከሰሙ ከየት እንደሚፈልቁ እንጃ! ከመግፋታቸው በፊት ዋጋ፣ ከገፉ በኋላ ሌላ ዋጋ። ማጡን ራሳቸው ሳይንከባከቡት አይቀሩም እላለሁ አንዳንዴ።

እሺ፣ ጋራዡ። የወንድሜ ልጅ አብሮኝ ነበር። መንጃ ፈቃድ የሌለው፣ ኢርፎን ጆሮው ላይ የሰካ ጎረምሳ፤ ጅማ በርገር እበላለሁ ብሎ ነው የመጣው። መካኒኩ በእኔ አጠገብ አልፎ ቀጥ ብሎ ወደሱ ሄደና፣
«አለቃ፣ ምን ሆነችብህ?»
ልጁ ኢርፎኑን ነቅሎ «እ?» አለ። «አክስቴን ጠይቃት፣ የምትነዳው እሷ ናት።»
መካኒኩ አየኝ። ከእግር እስከ ራሴ። ከዚያ መልሶ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ታዲያ እሷ ምን ሆነ ነው የምትለው?»

የምትለው! አጠገቡ ቆሜ!

ዋጥኩት። «የኋላው ዲፍረንሻል ላይ ሊሚትድ ስሊፕ ማስገባት እፈልጋለሁ» አልኩ። (ዲፍረንሻል የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ነው፤ ሊሚትድ ስሊፕ ደግሞ አንዱ በባዶ ሲሽከረከር ለሌላውም ጉልበት እንዲደርስ የሚያደርገው።)
ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ።
«እህቴ፣ ይሄ ፎርዊል አይደል እንዴ?»
«ነው።»
«በቃ፣ አራቱም ይጎትታል።»
«አይጎትትም።»
«አራት ጎማ የለውም?»
ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ከመኪና ስር የተኛው ልጅ ሳይቀር፤ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። «የፊቱን ጎማ በድንጋይ አስደግፍና የኋላውን ሁለቱንም በክሪክ አንሳልኝ» አልኩት። ነገሩ ጨዋታ መስሎት አነሳ። ማርሹን ባዶ፣ ፎሌ ላይ አደረግኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ወርጄ የግራውን ጎማ በገዛ እጄ ወደ ፊት አዞርኩት። የቀኙ ወደ ኋላ ዞረ። «አየህ? ሊሚትድ ስሊፕ ቢኖረው ኖሮ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር የሚዞሩት።»
«ኖርማል ነው! ብዙው ቶዮታ እንደዚህ ነው።»
እኮ! ኖርማል መሆኑ ነው የኔ ችግር! ታማለች ብዬ መች አመጣኋት!

ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ቢያንስ እናንተ አትስቁም። ተራ ዲፍረንሻል ለሁለቱ ጎማ እኩል ጉልበት ነው የሚያካፍለው። እኩል ሲባል ደስ ይላል፤ ግን አንዱ ጭቃ ላይ መያዣ አጥቶ በባዶ ሲዞር የሚፈልገው ጉልበት ኢምንት ነው፣ ደረቁ ላይ የቆመውም የሚደርሰው ያችው ኢምንት ናት። ከፊትም እንደዚያው፣ ከኋላም እንደዚያው። ስለዚህ ማጥ ውስጥ «ፎርዊል» ማለት ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ማለት ሆኖ ያርፋል። ስያዝ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ነዳጅ ሰጥ የማደርገው ለዚሁ ነው፤ የሚሽከረከረውን ያዝ ሲያደርግልኝ ጉልበቱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህንንም ነግሬው «ፍሬንሽን ታቃጥያለሽ» አለኝ። አመሰግናለሁ።

ከዚያ መፍትሔ ሰጠኝ። መፍትሔውን ስሙልኝ፦ «ካስቸገረሽ እንበይደዋለን። በርካሽ።»
ዲፍረንሻሉን ሊበይደው! ጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት፣ በየኩርባው የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት፣ እሱ ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቆ ሊሸኘኝ ነው። ወይ ጎማው ይበላል ወይ አክስሉ ይሰበራል። አክስሉ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ቢሰበርብኝ ማንን ነው የምከሰው?

ሌላው ጋራዥ ደግሞ፣ ያኛው እንኳ ሊሚትድ ስሊፕ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ «ሸራው ያለው ይሻልሻል» አለኝ። እሱም ደግ። ግን የዚያኛው ሸራ፣ እየተፋተገ ጎማዎቹን የሚይዘው፣ እየተበላ ይሄዳል፣ ዘይቱም የራሱ ቅመም ያለው መሆን አለበት። የትኛው ጋራዥ ነው ያንን ዘይት የሚሰጠኝ? ሁሉም ያንኑ ተራውን ዘጠና ቁጥር ዘይት ይገለብጥበትና «ዘይት ዘይት ነው» ይለኛል።

ስለዚህ የምፈልገው በጥርስ ብቻ የሚሠራውን፣ ቶርሰን የሚሉትን ዓይነት ነው። የሚበላ ሸራ የለው፣ ዘይትም አያማርጥም። አዎ፣ አንዱ ጎማ ጨርሶ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ብዙም አያግዝም፤ ያኔ ፍሬን ረገጥ ማድረግ ነው፣ ለምጄዋለሁ። «ዲፍ ሎክስ?» የምትሉኝ፣ ሁለቱን ጎማ ስትፈልግ አንድ ላይ የሚቆልፈው ማለት ነው፣ ጉልበቱ እሱ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ግን ያ መንገድ ወደ ቦዩ ያዘመመ ነው፤ የኋላው ተቆልፎ ሁለቱም ጎማ እኩል ሲንሸራተት ቂጧ ወደየት እንደምትሄድ አይቻለሁ። የሰው መኪና ነበር፣ ያወጡት በትራክተር ነው። ሊሚትድ ስሊፕም ትንሽ ያንሸራትታል፣ ቢሆንም መሪ ላይ ሆኜ እመልሰዋለሁ። ከፊት ደግሞ ምንም አላስገባም፤ አስገብቼ መሪው ከብዶ ክንዴን ያውልቀው እንዴ!

የእህቴ ባል «ምን አደከመሽ፣ ሽጪና አዲሱን ግዢ፣ ሁሉ ነገር አለው» አለ። በምን? በገፊዎቹ ዕዳ? ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሌሊቱን የማድረው እኔ፣ ምክሩ የእሱ።

ልወጣ ስል መካኒኩ ሂሳብ ጠየቀ። ክሪክ ላይ ላነሳበት! ያውም ማንን ጠየቀ? ጎረምሳውን። ልጁም እሱን ትቶ ወደኔ ዞሮ «አክስቴ፣ በርገሩስ?» አለኝ።

ከዱባይ የሚመጣ ሰው ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሃይሉክስ የኋላ የሚሆን ነው፣ የሞዴሉን ቁጥር እልካለሁ። «ሻንጣ ውስጥ አይገባም» የምትሉ እባካችሁ ይለፈኝ፤ የምፈልገው መሃሉን ብቻ ነው፣ ጂንስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገባል።