እርማት፦ ሁለት ሰርቨር ያለ ዳኛ አይበቃም

«ደሴ አንድ፣ ኮምቦልቻ አንድ ሰርቨር አስቀምጣችሁ ፋይሉን በግላስተር (ፋይልን በብዙ ሰርቨሮች ላይ አባዝቶ በሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) ሁለቱም ላይ ካባዛችሁ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይሠራል፤ ሲመለስም ራሱን ያስተካክላል» የሚል ምክር እየተቀባበላችሁት ነው። ግማሹ ልክ ነው፤ ጠፍቶ የተነሳ ሰርቨር ያመለጠውን ከሌላው ይቀዳል።

ችግሩ ሁለቱም እየሠሩ በመካከላቸው ያለው መስመር ሲቆረጥ ነው። ደሴ ያለችው ሒሳብ ሠራተኛ የደመወዝ ሰንጠረዡን ታስተካክላለች፣ ኮምቦልቻ ያለው ባልደረባዋም ያንኑ ፋይል ይነካካል። መስመሩ ሲመለስ ሁለቱም ሰርቨሮች «ትክክሉ የኔ ነው» ይላሉ። ፋይሉ አይከፈትም፤ ስህተት ብቻ ያሳያል። አንዱን ቅጂ መርጦ ሌላውን መጣል ግድ ይሆናል፤ የአንዱ ሰው ሥራ ቀረ ማለት ነው። ይህን የሚከላከለው አርቢተር (ዳኛ) የሚባል ሦስተኛ ማሽን ነው፤ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ካልተገናኙ መጻፍ አይፈቀድም።

የራሳችሁን ቮልዩም (የተባዛውን የፋይል ማከማቻ) ለማየት «ግላስተር ቮልዩም ኢንፎ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። የብሪኮቹ (ቮልዩሙ የተሠራባቸው የየሰርቨሩ ማከማቻዎች) ቁጥር «1 × 2 = 2» ከሆነ ዳኛ የለውም፤ «1 × (2 + 1) = 3» ካለ አርቢተር አለው። የተጋጩትን ፋይሎች ደግሞ «ግላስተር ቮልዩም ሂል»፣ የቮልዩሙ ስም፣ ከዚያ «ኢንፎ ስፕሊት-ብሬን» ሲባል ይዘረዝራቸዋል።

አርቢተር የፋይሉን ስምና መግለጫ እንጂ ይዘቱን አይዝም። ለአንድ ፋይል 4 ኪሎባይት ገደማ ቢታሰብ ለሚሊዮን ፋይል 4 ጊጋባይት ነው፤ አሮጌ ዴስክቶፕም ይችለዋል። ደሴው ሰርቨር አጠገብ ግን አታስቀምጡት፤ እዚያ መብራት ሲጠፋ ኮምቦልቻ ብቻውን መጻፍ ይከለከላል። ሐይቅ ከተማ ላይ፣ ለሁለቱም በየራሱ መስመር እንዲደርስ ቢሆን ይሻላል። ያለውን ቮልዩም ማፍረስ አያስፈልግም፤ «አድ-ብሪክ» በሚለው ትእዛዝ «ሬፕሊካ 3 አርቢተር 1» ብሎ መጨመር ይቻላል።