ያመለጠህን ፎቶ አሳየኝና ካሜራውን ግዛ

የወሎ ፎቶ አንሺዎች፣ ካሜራ ወዳዶች፣ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልድያ ልጆች፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የመጣሁት። ቅር እንዳትሰኙ። ባዳ ለባዳ እንዲህ አይነጋገርም፤ እኛ ግን ወገን ነን፣ እንባባላለን።

ጉዳዩ ላይካ ነው። ያቺ ቀይ ነጥብ ያለባት የጀርመን ካሜራ። ድሮ ላሊበላ ላይ በፈረንጅ አንገት ተንጠልጥላ ነበር የምናያት። ዛሬ ኪው2 የተባለውን ሞዴሏን የያዙ የኛው ልጆች አሉ። አንዱ ውጭ ካለ ወንድሙ ተልኮለት፣ ሌላው ሰርግ ሠርቶ ሠርቶ፣ እቁብ ጠብቆ። ይሄ ደስ ይላል። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ማንገቻው ገና ሳይለሰልስ "ኪው3 ወጥቷል አሉ፤ ይቺን ማን ይገዛኛል?" ይጀመራል።

በቀደም ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ቆሜ አንድ ጎረምሳ ኪው2ውን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ ገዢ ሲያፈላልግ አየሁ። ካሜራዋ አዲስ ናት። ጠርዟ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም እንኳ አልተላጠም። የስክሪኑ መከላከያ ላስቲክ ጥጉ ላይ ብቻ ትንሽ ተነስቷል።

"ምን ጎደላት?" አልኩት።

"ምንም። ግን 47 ሜጋፒክስል ናት፤ አዲሷ 60 ነው።"

"አርባ ሰባቱን ምን ሠራህበት?"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን እኮ የሚያስቅ አልነበረም።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንየው። ኪው2 እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 4,995 ዶላር ነበር። ኪው3 በ2023 መጣ፣ 5,995 ዶላር። የሁለቱም ሌንስ 28 ሚሊሜትር ነው፤ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳም ያው ነው፣ ኤፍ 1.7። እንግዲህ ሜጋፒክስሉ፣ ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች (ፒክስሎች) ብዛት በሚሊዮን ማለት ነው። የኪው2 ፎቶ ረጅሙ ጎኑ 8,368 ፒክስል ነው። የኪው3 9,520። በየኢንቹ 300 ነጥብ አድርገህ ብታሳትማቸው አንዱ 71 ሴንቲሜትር ይወጣል፣ ሌላው 81 ገደማ። በቃ ይሄው ነው። ያ ሁሉ ወሬ አሥር ሴንቲሜትር ነው።

ለመሆኑ 71 ሴንቲሜትር ያሳተምከው መቼ ነው? የሳሎን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው የሙሽራ ፎቶ ራሱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። የቀረው ሥራችን ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው የሚያልቀው። እነሱ ደግሞ አርባ ሰባቱንም ስልሳውንም ጨምቀው ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ ያደርጓቸዋል።

ምንም ለውጥ የለውም አልልም። ውሸት ይሆንብኛል። ኪው3 የሚሮጥ ሕፃን ላይ ፎከስ ሲይዝ ፈጠን ይላል። ስክሪኑ ይታጠፋል፤ ግሸን ላይ በሕዝብ ተጨናንቀህ ካሜራውን ከራስህ በላይ ስታነሳ ይጠቅምሃል። ከሁሉም እኔን የሚያጓጓኝ የቻርጀር ቀዳዳው ነው። ኪው2 የላትም፤ ባትሪዋን አውጥተህ በራሷ ቻርጀር ነው የምትሞላት። ኪው3ን በፓወር ባንክ ትሞላዋለህ። መብራት እንዲህ በሚጠፋበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አንድ ትርፍ ባትሪ መግዛትም አለ እኮ! ለእሱ ካሜራ አይሸጥም።

ሌላውን የላይካ ሞዴል፣ ኤም11ን፣ በኤም11-ፒ ልለውጥ የሚልም ሰምቻለሁ። ይሄኛው ይብሳል። ኤም11-ፒ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ሲመጣ ሴንሰሩ፣ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ያው የኤም11 ሴንሰር ነበር። ውስጡ ያለው ማስቀመጫ ከ64 ወደ 256 ጊጋባይት አደገ። የስክሪኑ መስታወት በቀላሉ የማይጫር ሆነ። ፊት ለፊት ያለችው ቀይ ነጥብ ደግሞ ተነሳች። ልብ በል ወንድሜ፣ ቀይ ነጥቧን ለማግኘት ስንት ዓመት ለፋህ፤ አሁን ደግሞ እሷን ለማስነሳት ልትከፍል ነው።

አንድ ቁም ነገር ግን አለው። ፎቶው በምን ካሜራና መቼ እንደተነሳ፣ ከዚያ በኋላም ምን እንደተነካካ የሚመሰክር ዲጂታል ማኅተም ካሜራው ራሱ ያትምበታል። የዜና ፎቶ የምታነሳ ከሆንክ፣ የሐሰት ምስል በየሰዓቱ በሚዞርበት በዚህ ዘመን፣ ለዚህ ብትከፍል አልፈርድብህም። የሰርግ ፎቶ አንሺ ግን ምን ያደርግለታል? ሙሽራዋ ማግባቷን ታውቃለች።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር። የብሩ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ መቶን አልፎ ሄዷል። በመቶ ብር እንኳ ብንመታው 5,995 ዶላር 600 ሺህ ብር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ቀረጡ ገና ነው። አምጪውም "ለድካሜ" ማለቱ አይቀርም።

"ልዩነቱ እኮ አንድ ሺህ ዶላር ብቻ ነው" ትለኛለህ። ይሄ ስሌት ካሜራው በሚሠራበት በቬትዝላር ይሠራ ይሆናል። ደሴ ላይ አይሠራም። እዚህ ላይካ የሚገዛህ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ያም ሰው አንተን ያውቅሃል፣ መቸኮልህንም ያውቃል። "አሮጌ ሞዴል ነው፣ አዲሱ ወጥቷል" ይልሃል፤ አንተ ራስህ ያስወራኸውን ወሬ መልሶ ይነግርሃል። የምትከስረው እዚያ ላይ ነው። አዲሱ ቢበላሽስ? ላይካ የሚፈታ ባለሙያ አራዳ ላይ ፈልገህ አታገኝም። ያው ባሕር ማዶ ልትልከው ነው።

እንግዲህ ስማኝ። እህቴ፣ አንቺም ስሚኝ። ካሜራ ከመቀየርህ በፊት የአምናውን ፎልደር ክፈት። ያልወደድካቸውን ፎቶዎች ብቻ ለይና አንድ በአንድ እያቸው። "ይሄ የተበላሸው ካሜራው ስላልቻለ ነው" የምትለውን አሳየኝ።

ላሊበላ ገና ላይ ያነሳኸው ይኸው። ቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ከላይ ጫፉ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲሉ። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ዓይናቸው አይታይም። ይሄ የሜጋፒክስል ጥፋት ነው? ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነጠላና ነጭ ጥምጥም ስላለ ካሜራው "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ራሱ አጨለመው። ማንኛውም ካሜራ እንዲህ ያደርጋል፣ ኪው3ም ያደርጋል። መድኃኒቱ በአውራ ጣትህ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ነጠላው ነጭ ብቻ ሆኖ እንዳይነድብህ ደግሞ በሮው፣ ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ አንሳ። ነጻ ነው፣ ቀረጥም የለበትም።

ባቲ ሰኞ ገበያ ያነሳኸውም አለ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ። የግመል ነጋዴው ዓይን ያለበት ቦታ ጥላ ብቻ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብትደርስ ኖሮ ብርሃኑ ከጎን ይመጣልህ ነበር። ኮምቦልቻ ቁርስ ላይ ቆየህ። ካሜራው ምን አጠፋ?

ጀማ ንጉሥ መውሊድ ላይ በሌሊት መንዙማ ሲባል ያነሳኸውስ? ሰዎቹ ሲወዛወዙ እጃቸው ሁሉ ተንሸዋሯል። ይሄ በእርግጥ ከባድ ነው፣ ብርሃን የለም። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። "እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋ ካሜራ ልግዛ" ይላል። የፉጂን ካሜራ ኤክስ100ቪን ትቶ ወደ ኤክስ100ሲክስ የሚሄደው አንዱም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዲሱ ሴንሰሩን የሚያረጋጋ ነገር ገብቶለታል። የሚያረጋጋው ግን ያንተን እጅ ነው። የሚወዛወዘውን ሰው አያቆምልህም። የላሊበላን የጨለመ ዓምድና ጣሪያ የምታነሳ ከሆነ በጣም ይረዳሃል፣ ግዛው እልሃለሁ። ለመንዙማው ግን ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ማፍጠንና አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ሳይፈሩ ከፍ ማድረግ ነው። ፎቶው ትንሽ ይሻክራል። ይሻክር።

እንዲህ እያልክ ፎልደሩን ስትጨርስ ካሜራው በእውነት ያቃተው ፎቶ ካገኘህ ዝም ብለህ ግዛ፣ ማንንም አትጠይቅ። ካላገኘህ ግን ኪስህን ዝጋ።

"የራሴ ገንዘብ ነው፣ ምን አገባህ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያንተ ነው። ግን የጥር ሙሽሮች አልበም ሰኔ ድረስ ሳይደርስ፣ የሙሽራዋ እናት በየሳምንቱ እየደወሉ "ልጄ፣ ደረሰ ወይ?" ሲሉህ "ማተሚያ ቤት ነው እማማ" እያልክ፣ በቀብዳቸው ካሜራ ስትለውጥ ያ ገንዘብ ያንተ ብቻ አይደለም። ይሄን የሚያደርጉ አሉ። ማን እንደሆኑ ራሳቸው ያውቁታል።

ሌላው ደግሞ የባሰ ነው። የስንት ቤተሰብ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ኒካህ፣ ለቅሶ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው ያለው። ሁለተኛ ቅጂ የለም። ያቺ ላፕቶፕ አንድ ቀን አልነሳም ብትል ምን ልትል ነው? "ይቅርታ፣ ሰርጋችሁን ድገሙት" ልትል ነው? ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዛ። አንዱን ስቱዲዮ፣ አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጥ፣ አክስትህ ዘንድም ቢሆን። የሁለቱ ዋጋ ከላይካ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ስለ 60 ሜጋፒክስል የሚያወራ ልጅ ሁሉ በመጀመሪያ ይሄን ይመልስልኝ። ሜጋፒክስሉ ሲጨምር ፋይሉም እንደሚያብጥ አትርሳ። ዛሬ የሞላብህ ዲስክ ነገ ቶሎ ይሞላል፣ ላፕቶፑም ኤዲት ላይ ይንፏቀቃል። "ትንሽ ማሻሻያ ነው" ያልከው ኮምፒውተር ጭምር ያስቀይርሃል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ሳስበው ሆዴን የሚበላኝ። ባቲ ገበያ ያነሳሃቸውን እናት አስታወስካቸው? ቅቤ ይዘው የተቀመጡትን። "ፎቶውን አመጣልዎታለሁ እናቴ" ብለሃቸው ሄድክ። ፎቶው በይነመረብ ላይ ወጣ፣ ስንት ሰው ወደደው፣ አንተም "የወሎ ቁንጅና" ብለህ ጻፍክበት። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ አላዩትም። አንድ ፎቶ ማሳተም ስንት ነው? ባቲ ደርሶ መልስስ? ወሎ ውስጥ ሰው ፊቱን አይነፍግህም፣ ቡና ጠጣ ይልሃል፣ ልጆቹን አስልፎ ያስነሳሃል። ፎቶው ይመጣል ብሎ አምኖ ነው። ለካሜራ ለውጥ ካጠራቀምከው ላይ ጥቂቱን ውሰድና አንድ ሰኞ እሱን ብቻ ሥራ። አሳትም፣ ፌስታል ውስጥ ክተት፣ ሂድ፣ ሰዎቹን ፈልጋቸው። እግረ መንገድህንም ታነሳለህ። ያኔ የሚሰጡህ ፊት ደግሞ ከመጀመሪያው ይለያል፣ ይሄን ያደረገ ያውቀዋል።

ይሄን ሁሉ አድርገህ፣ አልበሙን አስረክበህ፣ ዲስኩን ገዝተህ፣ አሁንም ኪው3 ካማረህ ግዛ። የቅንጦት ዕቃ መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ እኔም ላይካ እጄ ሲገባ ደስ ይለኛል፣ የሌንሷን ቀለበት ማዞር ብቻ ይበቃኛል። አሮጌዋን ግን ፒያሳ ባንኮኒ ላይ አትጣላት። ቦርሳህን ተሸክሞ፣ ፍላሽ ይዞ፣ በየሰርጉ ከኋላህ የሚሮጠውን ልጅ ጥራው። በዱቤ ስጠው፣ በየሰርጉ ቀስ እያለ ይክፈልህ። ቻርጀሯንና ትርፍ ባትሪዋንም አብረህ ስጠው፣ እንዳትረሳ።