ዘጠነኛውን ዙር ለማያዩ ጀግኖች

ቤዝቦል ሲነሳ ሁሌ የሚመሰገነው መቺው ነው። ቢበዛ ወርዋሪው። እኔ ደግሞ ዛሬ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ላመስግን። ጨዋታው ሳያልቅ ብድግ ብለው፣ «ይቅርታ፣ አንዴ አሳልፉኝ» እያሉ፣ የሰው ጫማ ረግጠው፣ የሰው ቢራ ደፍተው፣ ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ወደ መኪናቸው የሚሮጡትን። ኤፕሪል ላይ፣ ገና ብዙ ጨዋታ በቀረበት ሰሞን፣ ቀድሞ መውጣት ማንም ያውቅበታል። ኦክቶበር ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ነገር በአንድ ኳስ ሊወሰን ሲል ጥሎ መሄድ ግን ወኔ ይጠይቃል። (ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ ነው፤ ጨዋታውም የፈረንጅ ነው።)

ቤዝቦል ለማያዘወትር ሰው ነገሩን ላስረዳ። እግር ኳስ 90 ደቂቃ ብሎ ይገላግልሃል። ቤዝቦል እንዲህ አይገላግልም። ዘጠኝ ዙር አለው፣ ኢኒንግ ይሉታል። በየዙሩ እያንዳንዱ ቡድን በተራው ሦስት ሰው አውት (ከጨዋታ ውጭ) እስኪሆንበት ድረስ ይመታል፤ መቺው ቤዝ የሚባሉትን ማረፊያዎች ዞሮ ሲመለስ አንድ ነጥብ ነው። የመጨረሻው ሰው አውት እስካልሆነ ድረስ በአሥር ብትመራም ሰዓት መግደል የለም። አዋቂዎች ይህንን የጨዋታው ውበት ነው ይላሉ። ጀግኖቻችን ግን በዚያ ሰዓት የሚታያቸው ውበት አይደለም፤ የአውራ ጎዳናው ትራፊክ ነው።

የዚህ ጥበብ መዲና ሎስ አንጀለስ ናት። በ1962 የተከፈተው የዶጀርስ ስታዲየም 16 ሺህ መኪና በሚይዝ ማቆሚያ ተከቧል። ሕዝቡ በሦስተኛው ኢኒንግ መጥቶ በሰባተኛው ይሄዳል እየተባለ ይቀለድበታል። ምቀኝነት ነው። ለዘጠኝ ዙር ከፍሎ አራቱን አይቶ የሚሄድ ሰው የቀረውን ለቡድኑ መረቀለት ማለት እኮ ነው። እንዲህ ያለ ለጋስ ደንበኛ የትኛው ምግብ ቤት አለው?

የሙያው ታላቅ ቀን ኦክቶበር 15፣ 1988 ነው። የወርልድ ሲሪስ፣ የዓመቱ የዋንጫ ፍልሚያ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ። ዶጀርስ በኦክላንድ አትሌቲክስ 4 ለ 3 እየተመሩ ዘጠነኛው ዙር መጨረሻ ላይ ደረሱ። ወርዋሪው ዴኒስ ኤከርስሊ ነው፤ በዚያ ዓመት 45 ጨዋታ መሪነቱን አስጠብቆ የዘጋ ሰው። ሁለቱን ቶሎ አወጣቸው። አንድ ቀረ። በዚህ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ወይ ቂል ነው ወይ መኪና የለውም። ብልሆቹ ሞተር አስነሱ።

እንግዲህ እነሱ ሲወጡ አንድ ሰው ደግሞ በተቃራኒው እየገባ ነበር። ኪርክ ጊብሰን። የግራ እግሩ ጅማት ተጎድቷል፣ ቀኝ ጉልበቱ ታሟል፤ ከጨዋታው በፊት የቡድኑ ተጫዋቾች ሲተዋወቁ እንኳ ብቅ አላለም። ውስጥ ሆኖ በረዶ ይዞ ነበር። ማይክ ዴቪስ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሄድ፣ አሰልጣኙ ቶሚ ላሶርዳ ይህንን የሚያነክስ ሰው አወጣው። የመጀመሪያዎቹን ኳሶች የመታው መምታት ከተባለ ነው። አንዷ በአንደኛው ቤዝ መስመር ዳር ተንከባልላ ወጣች፤ እሱም እየተንገዳገደ ሊከተላት ሞከረ። ዴቪስ ሁለተኛውን ቤዝ ሰረቀ። ቆጠራው ሦስት ቦል ለሁለት ስትራይክ ሞላ፤ አንድ ስትራይክ ቢጨመር አውት ነው። ኤከርስሊ ስላይደር፣ የምትታጠፍ ኳስ፣ ወረወረ። ጊብሰን በክንዱ ጉልበት ብቻ ላካት፣ የቀኙ ሜዳ ተመልካቾች መሐል ገባች፤ ሆም ረን ይሏታል፣ ቤዝ ላይ ያለውም መቺውም ነጥብ ሆነው ይገባሉ። 5 ለ 4። ክንዱን እያወዛወዘ፣ እያነከሰ ቤዞቹን ዞረ። በዚያ ወርልድ ሲሪስ ለመምታት የቆመው ያቺን አንዴ ብቻ ነው።

የቴሌቪዥኑን ምስል አሁንም ማየት ይቻላል። ኳሷ ስትወርድ ከተመልካቹ ጀርባ፣ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ቀይ የፍሬን መብራቶች ይታያሉ። አያችሁ? በታሪካዊው ምስል ላይ አሉ! እስከ መጨረሻው የቆየው ሕዝብ ከሩቅ ሲታይ ተራ ነጠብጣብ ነው፤ እነሱ ግን ያበራሉ። በ2018 ቡድኑ ኳሷ ያረፈችበትን ወንበር በሰማያዊ ቀለም ለይቶታል፤ ክፍል 302፣ ረድፍ ዲ፣ ወንበር 88። ጥሩ። የፍሬኖቹ ቦታስ? አንድ ሰው እዚያ አስፋልት ላይ ቀይ ቀለም ቢደፋ ምን ነበረበት።

በነገራችን ላይ እዚያው ስታዲየም በ2024 ደገመው። የወርልድ ሲሪስ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ አሥረኛ ዙር (አቻ ከሆኑ ዙር ይጨመራል)፣ ሁለት አውት፣ ዶጀርስ 3 ለ 2 እየተመራ። ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳው ፍሬዲ ፍሪማን በመጀመሪያው ውርወራ ግራንድ ስላም (ሦስቱም ቤዝ ሰው ይዞ ሳለ የሚመታ፣ የአራት ነጥብ ሆም ረን) መታ፣ 6 ለ 3። በወርልድ ሲሪስ ታሪክ ጨዋታ የጨረሰ ግራንድ ስላም ከዚያ በፊት አልነበረም። ከ36 ዓመት በኋላ ሌላ አነካሽ! ሰው እንዴት እግሩ የታመመ መቺ ሲያይ ይወጣል? ይኸው፣ ጀግንነት ይህ ነው።

ይህ የተመልካች ሙያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦክቶበር 25፣ 1986፣ ኒውዮርክ፣ ሺያ ስታዲየም፣ ስድስተኛው ጨዋታ። ቦስተን ሬድ ሶክስ በአሥረኛው ዙር 5 ለ 3 ይመራል። ኪት ኸርናንዴዝ ለኒውዮርኩ ሜትስ ሁለተኛው አውት ሆነ። ምን አደረገ? ዳግአውት (የተጫዋቾች መቀመጫ) ውስጥ ተቀምጦ አላለቀሰም። ወደ አሰልጣኙ ቢሮ ገባ፣ ቢራ ከፈተ፣ ቀሪውን በቴሌቪዥን አየ። የስታዲየሙ ሰሌዳም «እንኳን ደስ አላችሁ ሬድ ሶክስ» የሚል ጽሑፍ ለአፍታ ብልጭ አደረገ። ከዚያ ሦስት ሰው በተከታታይ መታ። ኸርናንዴዝ ወንበሩ ገድ አለው ብሎ ከዚያ አልነሳም አለ። አንዷ ውርወራ አመለጠች፣ እኩል ሆኑ። ሙኪ ዊልሰን የመታት ኳስ ደግሞ ተንከባልላ በቦስተኑ ቢል በክነር እግሮች መሐል አለፈች። 6 ለ 5። ከሁለት ቀን በኋላ ዋንጫውም የሜትስ ሆነ።

በክነር ለዓመታት ተወቀሰ። ለምን? ስለቆየ! ቁርጭምጭሚቱ የታመመ ሰው ነበር። ቦስተን እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ እሱን አውጥቶ ዴቭ ስቴፕልተንን ያስገባ ነበር። ያን ሌሊት ተወው። ቀድሞ መውጣት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ ካላችሁ አምጡ።

የሴፕቴምበር 28፣ 2011 ሌሊት ደግሞ ለብቻው በዓል ሊሆን ይገባዋል። የመደበኛው ዓመት የመጨረሻ ቀን። ቦስተን ከሳምንታት በፊት ሩቅ ይመራ ነበር፤ አሁን ከታምፓ ቤይ ሬይስ ጋር እኩል ሆኗል፤ ወደ ኦክቶበሩ ጨዋታ የሚያልፈው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው። ሬይስ በሜዳቸው በያንኪስ 7 ለ 0 እየተመሩ ስምንተኛው ዙር ገባ። 7 ለ 0! እዚህ ላይ እግሬ አውጪኝ ያላለ ሰው ልጆቹን እንዴት ይመክራል? ከዚያ በዚያው ዙር ስድስት አገቡ። በዘጠነኛው፣ ሁለት አውትና ሁለት ስትራይክ ላይ፣ ዓመቱን በሙሉ ከመቶ ሙከራ አሥራ አንዱን እንኳ ያልመታው ዳን ጆንሰን ሆም ረን መትቶ አቻ አደረጋቸው። ባልቲሞር ላይ ቦስተን 3 ለ 2 እየመራ አንድ ስትራይክ ቀርቶት ነበር፤ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ማሸነፊያዋ ኳስ የቦስተኑ ካርል ክሮፎርድ ጓንት ውስጥ መቅረት አቅቷት ወደቀች። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የሬይሱ ኢቫን ሎንጎሪያ በአሥራ ሁለተኛው ዙር ዝቅ ባለችው የግራ አጥር ላይ አሻግሮ ጨረሰው። አጥሯ ዝቅ የተደረገችው፣ ክሮፎርድ ለሬይስ ሲጫወት ዘሎ እንዲይዝባት ተብሎ ነው። አንዳንዴ ዕጣ ፈንታም ያሽሟጥጣል።

ወደ ዋሽንግተን እንምጣ፤ የኛ ሰው በብዛት ያለበት፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቶ ቁልፍ ያልተቀበለ የሚያንስበት ከተማ። በ2012 የዋሽንግተኑ ቡድን ናሽናልስ ከተማዋን ከ1933 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦክቶበር ላይ አጫወቷት። በአምስተኛው ጨዋታ ካርዲናልስን 6 ለ 0 መሩ። ያን ጊዜ አሸንፈናል ብሎ የወጣ ሰው ደስ ብሎት ተኛ። የቆየው 9 ለ 7 ሲሸነፉ አየ። ማን አተረፈ? በ2019 ደግሞ ዋንጫ ሲያነሱ በሜዳቸው የተደረጉትን ሦስቱንም የወርልድ ሲሪስ ጨዋታዎች ተሸነፉ፤ 4 ለ 1፣ 8 ለ 1፣ 7 ለ 1። ያሸነፉት አራቱንም ሂውስተን ላይ ነው። በሦስተኛው ኢኒንግ የወጣ የዋሽንግተን ሰው ምንም አልቀረበትም፣ ነቢይ ነው።

በ2023 በውርወራ መሐል የሚቆጥር ሰዓት ገባና ጨዋታው በአማካይ 24 ደቂቃ ያህል አጠረ። ጀግኖቻችን አልተሸወዱም፤ እነሱም 24 ደቂቃ ቀድመው መውጣት ጀመሩ።

አንድ የሚያሳስባችሁ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ነገ ሥራ ቦታ «ነበርክ?» ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ? ኦክቶበር 3፣ 1951 ቦቢ ቶምሰን ለጃያንትስ ዘጠነኛው ዙር ላይ ጨዋታውን የጨረሰችውን ዝነኛ ሆም ረን ሲመታ ፖሎ ግራውንድስ ስታዲየም የነበረው ሰው 34,320 ነው፤ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ወንበር ባዶ ነበር። (ጃያንትስ የተቃራኒን የውርወራ ምልክት በቴሌስኮፕ ይሰርቁ እንደነበር በ2001 ወጥቷል፤ እሱ ሌላ ምስጋና ይፈልጋል።) «እዚያ ነበርኩ» የሚል ሰው ግን ከዚያ ወዲህ ሲበዛ እንጂ ሲቀንስ አልታየም። እናንተ ደግሞ በርግጥ ነበራችሁ። ቲኬቱን አውጥታችሁ አሳዩ። ቀኑ አለ፣ በሩ አለ፣ የወንበሩ ቁጥር አለ። ስንት ሰዓት እንደወጣችሁ የሚጽፍ ቲኬት ገና አልታተመም።